ትከሻዬን ላተረፉልኝ ሁለት የድሬ ሰዎች

ይህን ምስጋና ከሁለት ወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ። በቀኝ እጄ ተንጠልጥዬ በሰላም ሳልወርድ ግን አፌን ሞልቼ ማመስገን አልቻልኩም። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ተንጠልጥዬ ወረድኩ፤ አላመመኝም። ስለዚህ ዛሬ ልናገር።

ለማታውቁኝ፣ የሳቢያን ልጅ ነኝ፤ ፖል ፊትነስ እሠራለሁ። ዱባይ በሥራ ላይ ሳለሁ ነው የተማርኩት። ቀጥ ብሎ በቆመ የብረት ምሰሶ ላይ በእጅ፣ በጭንና በብብት እየያዙ መውጣት፣ መገልበጥና ጸንቶ መቆየት ነው። ስሙን ሲሰማ የምሽት ቤት ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ስፖርቱ ግን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አለው፤ በውድድር ላይ አንዱ የሚሽከረከር ሌላው የማይሽከረከር ሁለት ምሰሶ ይቆማል፤ ዳኞችም ነጥብ ይሰጣሉ። አጭር ልብስ የሚለበሰው ብረቱን አጥብቆ የሚይዘው ቆዳ ስለሆነ ነው፤ ጨርቅ ያንሸራትታል።

ወደ ድሬ ስመለስ አንድ ሰው ቱቦ ቆርጦ ሳሎኔ ውስጥ አቆመልኝ። ላይኛው ጫፍ የተደገፈው ኮርኒሱ ላይ ነበር። እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላስተዋልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ተገልብጬ ሳለሁ ከላይ ሸርተት ብሎ ግድግዳው ላይ ተጋደመ። በጭንቅላቴ እንዳልወርድ በቀኝ እጄ ብቻ ጨብጬ ስቀር ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ሲሳብ ተሰማኝ። ቤተሰብ ደንግጦ ለማሳሸት ወሰደኝ፤ በኃይል ታሸሁ፤ ባሰብኝ። ሌሊት በዚያ ጎኔ መተኛት፣ ቀን ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን ያገኘኋት በጓደኛዬ ወንድም በኩል ነው፤ ኳስ ተጫዋች ነው፣ ጉልበቱን ያከመችው እሷ ናት። ምን እንደምሠራ ስነግራት ፊቷ አልተለወጠም። «ቪዲዮ አለሽ? አሳዪኝ» አለች። ሦስት ጊዜ አየችው፤ አንድ ቦታ ላይ አቆመችና «እዚህ ጋ ትከሻሽ ጆሮሽን ነክቷል። እዚህ የተንጠለጠልሽው በጡንቻሽ አይደለም፣ በጅማትሽ ነው» አለችኝ። ስንት ዓመት ስሠራ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም! አደጋው ያባሰው እንጂ ጉዳቱ ቀድሞ የጀመረ ነበር።

እጄን በየአቅጣጫው እያስገፋችና እያስነሳች መረመረችኝ። የትከሻን አጥንት ዙሪያውን አቅፈው ቦታው ላይ የሚያቆዩ አራት ትንንሽ ጡንቻዎች እንዳሉ፣ የእኔ ጅማት እንደተጎዳ እንጂ እንዳልተበጠሰ አስረዳችኝ። ጅማት ደም በብዛት ስለማይደርሰው እንደ ጡንቻ ቶሎ አይድንም፤ ወራት እንጂ ቀናት አትቁጠሪ አለችኝ። አልቅሻለሁ። ግን ተኝተሽ ክረሚ አላለችኝም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጄን ሳላንቀሳቅስ ግድግዳ መግፋት፣ 45 ሰከንድ፣ አምስት ጊዜ። ከዚያ በብስክሌት የውስጥ ጎማ መሳብ፣ ሲመለስ በጣም ቀስ እያልኩ። ከዚያ እጄን ሳላጥፍ ተንጠልጥዬ ትከሻዬን ብቻ ወደ ታች መሳብ። ሕመሙ ከአሥር ሦስት ካልዘለለና በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ ቀጥዪ፣ ከባሰ አንድ እርምጃ ተመለሺ። ይህን በእጅ ጽሑፏ ሰጥታኝ እስካሁን ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። በግራ ጎኔም እኩል እንድሠራ ያስገደደችኝ እሷ ናት፤ ሁላችንም በሚቀናን ጎን ብቻ ስለምንሠራ አንዱ ትከሻ ሁሉንም ይሸከማል።

ወደ ምሰሶው ከመመለሴ በፊት ግን «መጀመሪያ የጣለሽን ነገር አስተካክዪ» አለች። ጋሼን የፈለግኳቸው በዚህ ምክንያት ነው። በምድር ባቡሩ ጋራዥ ለብዙ ዓመት የሠሩ፣ አሁን መጋላ አካባቢ በልጃቸው ብየዳ ቤት የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል።

ለምን እንደምፈልገው ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እና ጂምናስቲክ ነው በይኛ!» አሉ። ቀጥለው ያሉት «ስንት ኪሎ ነሽ?» ነው። 58 አልኳቸው። «ቆመሽ ነው 58። ስትወዛወዢ ብረቱ የሚሸከመው ከዚያ በላይ ነው።» ቤቴ መጥተው ኮርኒሱን ከፍተው አዩ። ደግነቱ የምኖረው ፎቅ ሥር ስለሆነ ከላይ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ወለል፣ አለ። በመዶሻ እያንኳኩ ቢሙን፣ ሶሌታውን የሚሸከመውን አግድም ኮንክሪት፣ ፈልገው ምልክት አደረጉ። የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደማይሠሩልኝ በግልጽ ነግረውኛል።

ቱቦ ለምትገዙ ከእሳቸው የተማርኩትን ልንገራችሁ። «ኢንች ተኩል» ተብሎ የሚሸጠው የውሃ ቱቦ በውጪ ሲለካ 48 ሚሊሜትር ግድም ነው፤ ስሙና የውጪ ልኩ አይገናኙም። የውድድሩ ምሰሶ 45 ነው። ለእኔ ትንሽ እጅ «ኢንች ከሩብ» የሚባለውን መረጡ፤ በውጪ 42 ይመጣል። ወፍራም እስቴንለስ፣ መሃሉ ላይ ብየዳ የሌለው አንድ ወጥ። ቀለም እንዲቀቡልኝ ስጠይቃቸው እምቢ አሉ፤ ቀለም ይላጣል፣ ቆዳም ይቆርጣል። ላብ ለሚያልበው እጅ ነሐስ የተሻለ ይይዛል፤ በዚያ ርዝመት ግን ድሬ ላይ አላገኘንም።

ከላይና ከታች ፍላንጅ፣ ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት፣ በይደው በቡሎን አሰሩት። ከዚያ ሁለት ኬሻ ሲሚንቶ፣ መቶ ኪሎ ማለት ነው፣ በገመድ አንጠልጥለው ልጆቹን ዙሪያውን አስወዘወዙት። እሳቸው ወንበር ላይ ቆመው እጃቸውን ሶሌታው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ከእጅ ዋጋቸው ግማሹን የተቀበሉኝ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ቡሎኖቹን ካጠበቁ በኋላ ነው። ይህን ያደረገልኝ ባለሙያ ከዚህ በፊት አላውቅም።

አሁን የምሠራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። ሥሩ ወፍራም ፍራሽ አለ። ቅባት የምቀባው ከሥራ በኋላ ብቻ ነው፤ ብረቱን በአልኮል እጠርገዋለሁ፣ እጄን የጂምናስቲክ ማግኒዥየም ዱቄት አስነካዋለሁ። ከመነሳቴ በፊት ደግሞ ትከሻዬን ወደ ታች እስባለሁ፣ ሁልጊዜ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ትከሻ፣ ጉልበት ወይም ወገብ ያስቸገራችሁ፣ እንዲሁም ቤታችሁ ውስጥ የሰው ክብደት የሚሸከም ነገር ማሠራት የምትፈልጉ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሁለቱም ፈቅደውልኛል፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። እሷ ጋ ስትሄዱ የምትሠሩትን እንቅስቃሴ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ያዙ። ጋሼን በቀትር አትደውሉላቸው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሱቅ ናቸው።