ለሦስት ቤተሰብ የተገዛ አንድ ምጣድ

በግቢያችን የምንኖረው ሦስት ቤተሰብ ነን፤ የኤሌክትሪክ ቆጣሪያችን ግን አንድ ነው። አከራያችን ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በዋናው ቤት፣ እኔ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር በሰርቪስ ቤቱ፣ አንዲት ነርስ ደግሞ ብቻዋን በጓሮዋ ክፍል እንኖራለን። የአከራያችን ምጣድ ሲሰነጠቅ፣ የእኛም አርጅቶ ስለነበር፣ አንድ ደህና የኤሌክትሪክ ምጣድ በጋራ ለመግዛት ተስማማን። ከመርካቶ ገዝተን ማድ ቤቱ ውስጥ አኖርነው።

ምጣዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ሸክላው ወፍራም ነው፤ ሬዚስታንሱ ከሥሩ በጄሶ በደንብ ተሸፍኗል። በጎመን ዘር አሟሽተን ከጀመርን ወዲህ እንጀራው አይይዝም፤ ዐይኑም ከዳር እስከ ዳር እኩል ይወጣል። የድሮው ምጣዴ መሐሉን አሳርሮ ጠርዙን ጥሬ ይተው ስለነበር ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወፍራም ሸክላ ለመጋል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ስለሚስብ፣ አንድም እንጀራ ሳይወጣ ወደ 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሄዳል ማለት ነው። በሳምንት አንዴ ጥቂት እንጀራ ለምትጋግር ቤት ይህን ምጣድ አልመክርም። እኛ ግን አንዴ አግለን ሦስት ሊጥ ተራ በተራ እንጋግርበታለን። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ፣ መጨረሻ ላይ የምትጋግረው ሶኬቱን ነቅላ ሁለት ሦስት እንጀራ ታወጣለች።

ይህ ቁጠባ በጋራ ቆጣሪ ለሚኖር ሰው ከሚመስለው በላይ ዋጋ አለው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት የማይበልጥ ፍጆታ በዝቅተኛው ዋጋ ይታሰባል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ 500 እና ከዚያም በላይ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲደመር፣ ለብቻዋ ብትሆን ዝቅተኛውን የምትከፍለው ነርስ ሳይቀር ከእኛ ጋር ወደ ላይኛው እርከን ትወጣለች። ይህ ፍትሐዊ አይደለም ብዬ አምናለሁ። የተለየ ቆጣሪ እስኪገባ ድረስ በእጃችን ያለው መፍትሔ ፍጆታውን መቀነስ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ብዙ አነጋግሮናል። አከራያችን በቤት ይከፈል አሉ፤ ባለቤቴ በሰው ቁጥር ይሁን አለ። ነርሷ አብዛኛውን ቀን በሥራ ቦታዋ ስለምትመገብ ሁለቱም ይጎዳታል። በመጨረሻ የምጣዱን ድርሻ በእንጀራ ቁጥር አደረግነው፤ ማድ ቤቱ በር ላይ ደብተር ተንጠልጥሏል፣ እያንዳንዳችን የጋገርነውን እንጽፋለን። የመግዣውን ግማሽ የከፈሉት አከራያችን ናቸው፤ ተከራይ ቢወጣም ምጣዱ እዚያው ይቀራልና። ይህን ሐሳብ ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ደብተሩ የማይፈታው አንድ ነገር ነበር። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ምጣዱ በቅጡ እስኪግል ስለሚበላሹ ቀድማ የምትጋግር ሁልጊዜ ትጎዳለች። ስለዚህ ቀዳሚነቱን በየተራ አደረግነው። ነርሷ የአዳር ተራ ሲኖራት መጨረሻውን እንሰጣታለን፤ በዚህ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ጤፍ በማሽላ የሚቀላቅል ቤትም ከሌላው ጋር ችግር የለበትም፤ በየመሐሉ በማሰሻ ማበስ ይበቃል።

የምጣዱ ድክመት ገመዱ ነው። አብሮት የመጣው ቀጭን ነበር፣ ሶኬቱም ይሞቅ ነበር። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር የሚስብ ዕቃ በተራ ማከፋፈያ ላይ መሰካት አደገኛ ነው፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ደግሞ ይብሳል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተን ወፍራም ገመድና ለብቻው ማቋረጫ አስገባን። ሻጩ ይህን ሳይነግረን መሸጡ አላስደሰተኝም። የአክንባሎው እጀታም ቆርቆሮ ስለሆነ ያለ ጨርቅ አይያዝም፤ የእንጨት እጀታ ያለውን ብታገኙ ይሻላል።

እንደ እኛ ማድ ቤት ለሚጋሩ ቤተሰቦች ይህን ዓይነት ወፍራም ምጣድ ግዙ እላለሁ። ስትገዙ የባለሙያውንና የገመዱን ወጪ ከመግዣው ጋር ደምሩና አብራችሁ ተካፈሉት።