ቴስትዲስክ፦ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ለጠፋበት ዲስክ

የቴስትዲስክ ትልቁ ጥቅሙ ዲስኩ ላይ አንዲት ባይት ሳይጽፍ ፋይሎቻችሁን አውጥቶ ማሳየቱ ነው። የጠፋ የፓርቲሽን ሰንጠረዥን፣ ማለትም ዲስኩ በምን በምን ክፍል (ፓርቲሽን) እንደተከፈለና እያንዳንዱ የት እንደሚጀምር የሚናገረውን መዝገብ፣ እንዲመልስ ክሪስቶፍ ግርኒዬ የሠራው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ በሊኑክስ፣ በፍሪቢኤስዲም ሆነ በማክ ተርሚናል ላይ ይሠራል።

ኤምቢአር በሚባለው በድሮው የሰንጠረዥ ዓይነት በተከፈለ ዲስክ ሰንጠረዡ በመጀመሪያው ሴክተር (የዲስኩ ትንሿ ቁራጭ) ውስጥ ያለች 64 ባይት ናት፦ አራት መስመር፣ ለእያንዳንዱ 16 ባይት። እሷ ስትጠፋ ፋይሉ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የጠፋው አድራሻው ነው። ቴስትዲስክ የፋይል ሲስተሞቹን (በየፓርቲሽኑ ውስጥ ፋይሎቹ የተደራጁበትን ሥርዓት) ምልክት እየፈለገ አድራሻውን መልሶ ያሰላል።

ግን ወደ እሱ አትቸኩሉ። ኮምፒውተሩ እየሠራ ከሆነና ፓርቲሽኖቹ ማውንት እንደሆኑ (ለሥራ እንደተከፈቱ) ካሉ፣ አታጥፉት። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ የድሮውን ሰንጠረዥ ገና ይዞታል። ሲስ በሚለው ማውጫ፣ ብሎክ ውስጥ (/sys/block)፣ በዲስኩ ስም ሥር፣ የየፓርቲሽኑ ስታርትና ሳይዝ (መነሻና መጠን) በ512 ባይት ሴክተር ተቆጥሮ ተጽፏል። ወረቀት ላይ ገልብጡት። ኤፍዲስክ በተባለው የፓርቲሽን ማዘጋጃ ፕሮግራም ላይ እነዚህኑ ቁጥሮች መልሶ ማስገባት ይበቃል፤ የኤክስት4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ምልክት አገኘሁ፣ ላጥፋው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ግን መልሱ ኖ ነው። እዚህ ላይ የስ ያለ ሰው ጉዳቱን በገዛ እጁ ይጨምራል።

ሰንጠረዡ አዲሱ ዓይነት፣ ጂፒቲ፣ ከሆነ ደግሞ ጂዲስክ የተባለው ፕሮግራም ይቀድማል፤ የሰንጠረዡ ቅጂ ዲስኩ መጨረሻ ላይ አለና። አር ብላችሁ ግቡ፣ ቢ መጨረሻ ላይ ያለውን ሄደር (የሰንጠረዡን መግቢያ መረጃ)፣ ሲ ሰንጠረዡን ያመጣል። በፒ አይታችሁ ትክክል ሲሆን ብቻ በደብልዩ ዲስኩ ላይ ጻፉት። በዩኤስቢ መያዣ ውስጥ የነበረ ዲስክ ወጥቶ በቀጥታ ሲገጠም ባዶ የሚመስልበትም ጊዜ አለ፤ አንዳንዱ መያዣ ሴክተሩን 4096 ባይት አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ወደ መያዣው መልሱት፣ ምንም አልጠፋም።

ዲስኩ ራሱ የማንበብ ስህተት ካሳየ ዲዲሬስኪዩ በተባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡትና ቴስትዲስክን በቅጂው ላይ አስነሡት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ክፈቱ፣ ዲስኩን በመጠኑ ለዩት፣ የገመተውን የሰንጠረዥ ዓይነት ተቀበሉ፣ ከዚያ አናላይዝ፣ ከዚያ ኩዊክ ሰርች። ዝርዝሩ ሲመጣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ፒን ተጫኑ፦ የምታውቋቸው ፎልደሮች ከታዩ አድራሻው ትክክል ነው። ከዚያው ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥም ይቻላል፤ በኤ ሁሉንም መርጣችሁ ትልቁን ሲ። ትንሹ ሲ ጠቋሚው ያረፈበትን ብቻ ነው የሚገለብጠው፤ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ሰንጠረዡን ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ራይት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጥልቁ ፍለጋ፣ ዲፐር ሰርች፣ ግን ያስቸግራል። በትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል፤ ከዓመታት በፊት የተሰረዘውን ፓርቲሽን ጭምር ቆፍሮ ያወጣል። አሮጌውና አዲሱ ፓርቲሽን ሲደራረቡ ስትራክቸር ባድ የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ያኔ አሮጌውን በቀስት ቁልፍ ወደ ዲ (የተሰረዘ) መልሱት፤ የትኛው አሮጌ እንደሆነ የሚነግራችሁ ያው ፒ ነው። ለክስ በተባለው የሊኑክስ ማመስጠሪያ የተመሰጠረ ክፍል ሲሆን ግን ፒ አይረዳም፤ ፕሮግራሙ የሚያገኘው ሄደሩን ብቻ ነው፣ ፋይሎቹ የሚታዩት በይለፍ ቃሉ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሰንጠረዡ ሲመለስ ኤስኤፍዲስክ በተባለው ፕሮግራም ዳምፕ አድርጉትና (ወደ ጽሑፍ ፋይል አውጡትና) ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፤ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው።