አሮጌ የብስክሌት ሹካ ላይ አዲስ ዲስክ ፍሬን፦ የ160 ሚሊሜትር አዳፕተር ከ8 ወር በኋላ

ፍሬኑ ራሱ አላስቸገረም። በ8 ወር ውስጥ ሥራ ያበዛው በካሊፐሩና (ዲስኩን በሚጨብጠው የፍሬን ክፍል) በሹካው መካከል የገባችው ቁራጭ አሉሚኒየም፣ አዳፕተሯ ናት። የተገጠመው ባለ ሁለት ፒስቶን ሃይድሮሊክ ካሊፐር ከ160 ሚሊሜትር ዲስክ ጋር ነው፤ ሹካው የ26 ኢንች፣ የቪ ፍሬን መያዣም የዲስክ ጆሮም (ካሊፐሩ የሚታሰርበት ባለ ቀዳዳ ብቅታ) ያለው የቆየ ባለ ሞላ ሹካ።

ከመግዛት በፊት ጆሮው በካሊብሮ ይለካ። ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን የሚያልፉ፣ ጥርስ የሌላቸውና ከመሃል እስከ መሃል 51 ሚሊሜትር ከሆኑ አይ ኤስ የተባለው የጆሮ ዓይነት ነው፤ አዳፕተር ግድ ይላል። ጥርስ ኖሯቸው 74 ሚሊሜትር ከሆኑ ፖስት ማውንት የተባለው ነው፤ የዛሬ የተራራ ብስክሌት ካሊፐር በቀጥታ ይቀመጥበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዳፕተሩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። ለኋላ 160 የተሠራ አይ ኤስ አዳፕተር ፊት ላይ ሲታሰር ካሊፐሩን በ180 ዲስክ ልክ ያስቀምጠዋል፤ የፍሬኑ ሸራ የ160ውን ዲስክ ጠርዝ ብቻ ይነካል። ጆሮ በሌለው ሹካ ላይ በማቀፊያ የሚታሰሩትን መያዣዎች ግን ተዉአቸው። የሹካው እግር ያን ጭነት እንዲችል አልተሠራም።

የመጀመሪያው ብልሽት ከቀለም መጣ። ጆሮው ፊት ላይ ያለው ወፍራም ቀለም አዳፕተሩን ያዘነብለዋል፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ቀለሙ ይጨፈለቃል፣ ከሳምንታት በኋላም ቡሎኑ ይላላል። ከዚያ ጩኸትና መፋቅ ይከተላል፤ ሰው ሁሉ ሸራውን ይወቅሳል። መፍትሔው የሚነካካውን ፊት ብቻ በስለት ፍቆ ቀለሙን ማንሳት ነው። ብረቱን በሞረድ መብላት አይገባም፤ ታችኛው እግር አብዛኛውን ጊዜ ማግኒዚየም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሲራቆትም ይዝጋልና ስስ ግራሶ ይቀባ። አሁንም ካዘነበለ 0.2 ሚሊሜትር ሮንዴላ ይበቃል። አራቱም ኤም 6 ቡሎኖች ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ጥርሳቸው ላይ ሰማያዊ የቡሎን ማጣበቂያ ጠብ ይደረግ።

ካሊፐሩን ማስተካከል የሚቻለው ጎማው መሬት ላይ ቆሞ፣ የሞዞው (የጎማው እምብርት) ማሰሪያ ከተቆለፈ በኋላ ነው። ሁለቱን የካሊፐር ቡሎኖች አላሉ፣ የፍሬኑን እጀታ ጨብጡ፣ ሳትለቁ ተራ በተራ አጥብቁ። ብስክሌቱን ገልብጦ ያስተካከለ ሰው ሥራውን መድገሙ አይቀርም።

ስለ ሞዞ፦ አሮጌው ሹካ 100 ሚሊሜትር ስፋትና 9 ሚሊሜትር አክስል ይፈልጋል፤ ባለ 110 ሚሊሜትር አዲስ ሞዞ አይገባም። ማሰሪያው ቀልድ አይደለም። ካሊፐሩ ከግራ እግር በስተኋላ ስላለ፣ ፍሬን ሲያዝ አክስሉን ወደ ታች፣ ወደ ሹካው ክፍት አፍ ይገፋዋል። በ160 ዲስክ ሸራው ላይ የሚያርፈው ኃይል ጎማው መሬት ላይ ካለው የፍሬን ኃይል ከ4 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ የብረት ዘንግ ያለውና መቆለፊያው በውስጡ የተሸፈነ ማሰሪያ ይመረጥ፣ የሹካው ጫፍ ላይ ያሉት መጠበቂያ ጥርሶችም አይሞረዱ። ረጅም ቁልቁለት ካለ በኋላ መፈተሽ ልማድ ይሁን።

ፍሬኑ ሲበረታ የሹካው እርጅና ተጋለጠ። ፊት ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ሲወዘውዙት ቋ ካለ፣ ጣትን ላይኛው ቱቦ ታችኛው እግር ውስጥ በሚገባበት ቦታ ማሳረፍ ነው። እዚያ ከተንቀሳቀሰ ያለቀው ቦኮላ (ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት) ነው፤ የመሪውን ኩሽኔታ ማጥበቅ ምንም አይረዳም።

የፍሬኑ ዘይት ቱቦ የሚቆረጠው ሹካው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ መሪውም እስከ መጨረሻ ዞሮ ነው። ከዚያ ሹካውን እስከ ታች ጨፍልቆ ጎማውን እንደማይነካ ማየት። ማዕድን ዘይት ለሚጠቀም ፍሬን ዶት 5.1 የተባለውን የፍሬን ፈሳሽ ማስገባት ጎሚኒውን ያበላሸዋል።

አዲስ ሸራ ከ20 እስከ 30 ጊዜ በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዱ፣ ጎማው ሳይቆለፍ እስከ እርምጃ ፍጥነት በማብረድ ይሟሻል። ይህን የዘለለ ሰው ደካማ ፍሬን ገዛሁ ይላል። የሸራው ማሸት የሚችለው ክፍል 0.5 ሚሊሜትር ሲደርስ፣ ሲገዛ 1.8 የነበረው የሺማኖ ዲስክም 1.5 ሲሆን ይቀየራል። ከ8 ወር በኋላ ዲስኩ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ሸራው አንዴ ተቀይሯል።

ወደ 180 ማሳደግ ያጓጓል፤ በ20 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዲስክና ሌላ አዳፕተር ብቻ ይመስላል። የሹካው አምራች የፈቀደው ከፍተኛ ልክ 160 ከሆነ ግን ለዚህ ሹካ 180 የለም።