«ወንጀልና ፍትሕ»፦ ነጻ ካሰናበተ በኋላ የሚያስር የእንግሊዝኛ ቃላት አፕ

ሥራዬ የውጭ ዜና ወደ አማርኛ መመለስ ነው። የፍርድ ቤት ዜና የማይመጣበት ቀን ደግሞ የለም። ስለዚህ አንድ የእንግሊዝኛ ቃላት ማስተማሪያ አፕ «ወንጀልና ፍትሕ» የሚል ምዕራፍ ከነአማርኛ ፍቺው ማውጣቱን ሳይ ወዲያው ስልኬ ላይ ጫንኩት። ስሙን አልጠራም። የምለው ለብዙ መሰሎቹም የሚሆን ይመስለኛል።

ከሚመሰገንበት ልጀምር። ድምፁ አንደኛ ነው። የሕግ እንግሊዝኛ አጻጻፉና አነባበቡ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። «ኢንዳይትመንት» (የክስ ጽሑፍ) የሚለውን ተጽፎ ያየ ሰው መሀል ላይ ያለችውን «ሲ» መጥራቱ አይቀርም፤ ግን አትነበብም። «ሰፒና» (የፍርድ ቤት መጥሪያ) ውስጥም «ቢ» አለች፤ እሷም ዝም ናት። አፑ ሁሉንም በእንግሊዝም በአሜሪካም አነጋገር ያሰማል። የሳታችሁትን ቃል ቶሎ ቶሎ፣ ያወቃችሁትን አልፎ አልፎ እየመለሰ ያመጣል። ይሄ ይሠራል። ሥዕሎቹ እንኳ ያስቃሉ፤ ሌባ የተባለ ሁሉ ጭንብል አጥልቆ ከረጢት ይሸከማል። እሺ ይሁን።

የስርቆቱ ክፍል ላይ ግን ተናደድኩ። «ቴፍት»፣ «ሮበሪ»፣ «በርግለሪ»፤ ሦስቱም ሥር «ስርቆት» ብሎ ያልፋል። እኛ እኮ ሌባ፣ ቀማኛ፣ ሰርሳሪ ብለን ለይተን የምንጠራ ሰዎች ነን! ቴፍት በቃ ስርቆት ነው። ሮበሪ ጉልበት ወይም ማስፈራሪያ ሲጨመርበት ነው፤ ውንብድና። በርግለሪ ደግሞ፣ በብዛት፣ ለመስረቅ ብሎ ያለ ፈቃድ ሰው ቤት መግባት ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የስርቆት ሕግ በር መስበር እንኳ አያስፈልግም። በሩን ክፍት ቢያገኘውም ሊሰርቅ ብሎ ከገባ ያው ነው። ግሦቹም ጠባያቸው ይለያያል። «ስቲል» ካላችሁ ቀጥሎ የሚመጣው የተሰረቀው ዕቃ ነው፤ «ሮብ» ካላችሁ ግን የተዘረፈው ሰው ወይም ባንክ። አንድ አንድ ምሳሌ ቢሰጥ ምን ነበረበት?

ዋናው ቅሬታዬ ቅደም ተከተሉ ነው። ቃላቱ የተደረደሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። በዚህ ተራ «አኩዊትድ» ከ«አሬስትድ» ይቀድማል። ሰውዬው ሳይያዝ ነጻ ተባለ ማለት ነው! ችሎት ግን በፊደል ተራ አይሄድም። ሰው ይጠረጠራል፣ ይያዛል፣ ክስ ይመሠረትበታል፣ የእምነት ክህደት ቃሉን ይሰጣል፣ ጥፋተኛ ወይም ነጻ ይባላል፤ ቅጣት የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። «አሬስትድ» (ተያዘ)፣ «ቻርጅድ» (ተከሰሰ)፣ «ኮንቪክትድ» (ጥፋተኛ ተባለ)፣ «ሴንተንስድ» (ቅጣት ተወሰነበት)። እነዚህን አራቱን በመስመራቸው የያዘ ተማሪ የወንጀል ዜና ሲያነብ አይደናገርም። ለእኔ ሥራ ደግሞ ጉዳዩ ከበድ ይላል። ገና «ቻርጅድ» የተባለን ሰው «ወንጀለኛው» ብሎ መጻፍ ዳኛውን ቀድሞ መፍረድ ነው።

ቃላቱ የሚከተላቸው ጭራም አለ፤ «አኪዩዝድ ኦፍ» (ተወነጀለ)፣ «ቻርጅድ ዊዝ»፣ «ኮንቪክትድ ኦፍ»፣ «ሴንተንስድ ቱ»። አፑ ጭራቸውን ቆርጦ ያስተምራል። ተማሪው ቃሉን ያውቀዋል፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲያስገባው ይደነቃቀፋል።

የየትኛው አገር ቃል እንደሆነም አይናገርም። ጠበቃ ብላችሁ ስትፈልጉ «ሎየር»፣ «አተርኒ»፣ «ሶሊሲተር»፣ «ባሪስተር» ብሎ ይደረድራል። አተርኒ በብዛት የምትሰሙት ከአሜሪካኖች ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሶሊሲተር ደንበኛውን ተቀብሎ ጉዳዩን ያዘጋጃል፤ ከፍ ባሉት ፍርድ ቤቶች ቆሞ የሚከራከረው በአብዛኛው ባሪስተሩ ነው። «ፌሎኒ» የሚባለውን የከባድ ወንጀል ክፍል እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ከሕጓ አውጥታዋለች፤ አሜሪካ ዛሬም ትሠራበታለች። አሜሪካ ውስጥ «ጄይል» ፍርዱን የሚጠብቅ ወይም አጭር ቅጣት ያለበት ሰው የሚቆይበት ነው። «ፕሪዝን» ረጅም ለተፈረደበት ነው። እንግሊዞቹ ዘንድ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ትርጉሙ ላይ ከሁሉ የከነከነኝ «ፓሮል»ንም «ፕሮቤሽን»ንም «አመክሮ» ማለቱ ነው። ፓሮል ላይ ልክ ነው፤ እስረኛው ጊዜው ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ ይወጣል። ፕሮቤሽን ግን ብዙ ጊዜ በእስር ፋንታ የሚሰጥ ነው፤ ለእኛ ገደብ ለምንለው ይቀርባል።

ለፈተና ለሚዘጋጅ ወይም ፊልም ያለ ጽሑፍ መከታተል ለሚፈልግ ነጻው ክፍል ይበቃል። የሚከፈልበት የሚጨምረው ጨዋታና ነጥብ ብቻ ነው፤ ገንዘባችሁን ያዙ። ቃላቱን ደብተር ላይ በችሎቱ ተራ እንደገና ጻፏቸው። ማስታወሻ መላኪያውን ደግሞ ገና ስትጭኑት አጥፉት። «ዛሬ ግድያ አልተለማመዱም» የሚል መልእክት ስብሰባ መሀል ስልካችሁ ላይ ብቅ ሲል አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው ማስረዳት ከባድ ነው።