ዎርድፕረስ በኡቡንቱ ሰርቨር ላይ፦ ለሐዋሳ ሆቴልና ትምህርት ቤት ምን ያህል ይስማማል?

ሐዋሳ ውስጥ ሆቴል፣ ገስት ሐውስ ወይም የግል ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ላሠራ ሲል ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ዎርድፕረስ ነው። ምርጫው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ የድረ ገጽ መሥሪያ ሲስተም ነው፤ እንግዳ ተቀባይዋ ወይም የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ባለሙያ ሳይጠሩ ዋጋ መቀየር፣ ማስታወቂያ መለጠፍ ይችላሉ። «በ5 ደቂቃ ይጫናል» የሚባልለትም ውሸት አይደለም። ግን 5 ደቂቃው የሚቆጠረው ሰርቨሩ ከተሰናዳ በኋላ ነው፤ ሰው የሚደክመው እዚያ ማሰናዳቱ ላይ ነው። እዚህ የምናየው በአነስተኛ የኪራይ ሰርቨር ላይ ነው፦ ኡቡንቱ 24.04 (ሊኑክስ)፣ 1 ጊጋባይት ራም፣ ገጾቹን ለጎብኚ የሚያቀርበው አፓቼ።

ኡቡንቱ 24.04 ዎርድፕረስ የተጻፈበት ፒኤችፒ 8.3 እና ዳታቤዙ ማሪያዲቢ 10.11 ስላለው ከሌላ ቦታ ፓኬጅ መፈለግ አያስፈልግም። ለፒኤችፒ የማይኤስኪውኤል ማገናኛው የግድ ነው፤ ያለሱ የመጫኛው ገጽ እንኳ አይመጣም። ፎቶ የሚያሳንሰውን ጂዲ፣ ኤምቢስትሪንግ፣ ከርል፣ ኤክስኤምኤል፣ ዚፕና ኢንትል አብራችሁ ጫኑ። ዳታቤዙን የግዕዝን ፊደል በትክክል በሚያስቀምጠው የፊደል ኮድ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ፍጠሩና የራሱን ተጠቃሚ ስጡት፤ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) አታገናኙት። ፋየርዎሉን ከማብራታችሁ በፊት ከሩቅ ወደ ሰርቨሩ ለምትገቡበት ኤስኤስኤች ፍቀዱ፤ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ከገዛ ሰርቨሩ ውጭ ተቆልፎበት ይቀራል። ሥራውንም በቲመክስ ውስጥ ጀምሩት። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ቢጠፋ ሰርቨሩ ላይ የተጀመረው ይቀጥላል፤ ተመልሳችሁ ስትገቡ ካቆማችሁበት ታገኙታላችሁ።

የፋይሎቹ ባለቤት አፓቼ የሚሠራበት ተጠቃሚ ይሁን። የመክፈትና የመጻፍ ፈቃዱ ደግሞ፦ ፎልደር 755፣ ፋይል 644፣ የዳታቤዙን ፓስዎርድ የያዘው ኮንፊግ ፋይል 640። ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ሲጫን የኤፍቲፒ (የፋይል መላኪያ) ፓስዎርድ ከጠየቀ ባለቤትነቱ ተሳስቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉንም 777 የሚያደርጉ አሉ። ይህ ሰርቨሩ ላይ ላለ ለማንም ፕሮግራም በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው፤ በፍጹም አታድርጉት።

መነሻ ገጹ እየተከፈተ ሌላው ሁሉ 404 (ገጹ አልተገኘም) ካለ ሊንኮቹን የሚተረጉመው የአፓቼ ሪራይት ሞጁል አልበራም፣ ወይም በሳይቱ ኮንፊግ ውስጥ «አላው ኦቨርራይድ» የሚለው «ነን» ላይ ቀርቷል፤ «ኦል» አድርጉት።

ፎቶ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ሐይቁን በስልክ አንስቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ ሲጭን አልቀበልም ይለዋል፤ ፒኤችፒ ሲጫን ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው 2 ሜጋባይት ብቻ ነውና። ገደቡን ወደ 16 ሜጋባይት፣ የፖስት ገደቡን (በአንድ ጊዜ የሚላከውን ጠቅላላ መጠን) ወደ 20 ከፍ አድርጉ። ጥንቃቄ፦ ሁለት ፒኤችፒ ኮንፊግ አለ፣ አንዱ በሲኤልአይ (የኮማንድ መስመር) ፎልደር፣ ሌላው በአፓቼ ፎልደር። ድረ ገጹ የሚያነበው የአፓቼውን ነው። «ቀይሬው ምንም አልመጣም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የሲኤልአዩን ነክቶ ወይም አፓቼን ሪስታርት ሳያደርግ ነው። በአፓቼ ፈንታ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ኤንጂንኤክስ ከሆነ የራሱ የ1 ሜጋባይት ገደብ አለው፤ ሲያልፍ 413 ይላል።

1 ጊጋ ራም ይበቃል፣ ግን እንዳለ ከተተወ አይበቃም። ፒኤችፒን በውስጡ የያዘው አፓቼ እስከ 150 ፕሮሰስ እንዲከፍት ተፈቅዶለታል። ሰው ሲበዛ ራሙ ያልቅና ሊኑክስ ራሱ ማሪያዲቢን ይገድለዋል፤ ጎብኚው የሚያየው ግን ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ብዙዎች ፓስዎርዱን መቀያየር ይጀምራሉ። መጀመሪያ የከርነሉን ሎግ እዩ፤ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ካለ 2 ጊጋ ስዋፕ (እንደ ራም የሚያገለግል የዲስክ ቦታ) ጨምሩ፣ የአፓቼንም ፕሮሰስ ወደ 10 ወይም 15 አውርዱ።

አማርኛ ላይ ዎርድፕረስ ይሠራል፣ ግን ሳይነገራችሁ የሚያደርገው ነገር አለ። ሊንኩን ከርዕሱ ራሱ ይሠራል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ 9 ምልክት ይሆናል፣ ቦታው ደግሞ 200 ብቻ ነው። «በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የመኝታ ክፍሎች ዋጋ ዝርዝር» ብላችሁ ብትጽፉ ሊንኩ «ዋጋ-ዝር» ላይ ይቆረጣል። አራት ነጥብም ስለማይወገድ እንደ ፊደል ይቆጠራል። ያን ሊንክ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ደግሞ በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ሰንሰለት ሊሆንባችሁ ይችላል። ከማተማችሁ በፊት የሊንኩን ቦታ ከፍታችሁ በላቲን ፊደል አንድ ሁለት ቃል አስገቡ።

ፍለጋውም የእኛን ሞክሼ ፊደላት አያውቅም። «ሃዋሳ» ብሎ የፈለገ «ሐዋሳ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ «አዋሳ» ያለውማ ጭራሽ። ፍለጋው ርዕሱን፣ አጭር መግለጫውንና ጽሑፉን ስለሚያይ ሌሎቹን አጻጻፎች አጭር መግለጫው ውስጥ አስገቧቸው። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ላይ አድርጉ። ቀኑ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚወጣው፤ የእኛን የሚፈልግ ፕለጊን መጨመር አለበት።

ጎብኚ ጥቂት ከሆነ ቀን የተቀጠረለት ጽሑፍ በሰዓቱ ላይወጣ ይችላል፤ የዎርድፕረስ ቀጠሮ የሚነቃው ሰው ሲገባ ነውና። የውስጡን አጥፍታችሁ በሰርቨሩ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው) በየ10 ደቂቃው ጥሩት። ለኤችቲቲፒኤስ የሚያገለግለው የሌትስ ኢንክሪፕት ነፃ ሰርተፊኬት 90 ቀን ነው የሚቆየው፤ ሰርትቦት የተባለው ፕሮግራም ራሱ ያድሰዋል፣ ግን ፖርት 80 ከተዘጋ የተለመደው እድሳት አይሳካም።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለሚገኝ የአሞራ ገደል አሳ ቤት፣ ዋጋና ስልክ ብቻ ለሚለጥፍ፣ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። አንድ የኤችቲኤምኤል ገጽ ይበቃዋል፤ ዎርድፕረስና ፕለጊኖቹን በየጊዜው የሚያዘምን ሰው ከሌለ ለጠላፊ ይጋለጣል።

ባክአፕ ሲባል ዳታቤዙ፣ የኮንቴንት ፎልደሩና ኮንፊግ ፋይሉ ሦስቱም ናቸው፤ ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጡ። ዳታቤዙን ስታወጡም ስትመልሱም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መሆኑን በኮማንዱ ላይ ግለጹ። ከዚያ ሌላ ቦታ መልሳችሁ አንድ የአማርኛ ገጽ ክፈቱ። ፊደሉ ተዘበራርቆ ከታየ ባይቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ስላሉ ሊስተካከል ይችላል። በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ከተቀመጠ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል፤ የቀድሞውን ሰርቨር ከመዝጋታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።