መዋሃድ ወይስ ተስማምቶ መኖር?

ዲሶሲየቲቭ አይደንቲቲ ዲስኦርደር የሚባል የአእምሮ ጤና ችግር ባለበት ሰው ውስጥ የየራሳቸው ትዝታና ስሜት ያላቸው ማንነቶች ይኖራሉ። አንዳንዴም የየራሳቸው ስምና ዕድሜ አላቸው። ብዙውን ጊዜ ሥሩ በልጅነት የተደጋገመ ከባድ ጥቃት ነው። ታዲያ መዳን ማለት ምንድን ነው?

አንዱ መልስ መዋሃድ ነው። በማንነቶቹ መካከል ያለው ግድግዳ ቀስ በቀስ ይፈርስና ሰውየው አንድ ሆኖ ይኖራል። የዓለም አቀፉ የትራውማና ዲሶሲየሽን ጥናት ማኅበር በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁሉም የጸናው ውጤት ይህ ነው ይላል። ግን ብዙዎች እዚያ እንደማይደርሱ፣ የማይፈልጉትም እንዳሉ አብሮ ይናገራል።

ሌላው ተስማምቶ መኖር ነው። ማንነቶቹ ሳይዋሃዱ እየተግባቡ ይኖራሉ። እዚህ ላይ እርስ በርስ የሚጻጻፉበት አንድ ተራ ደብተር ትልቅ ሥራ ይሠራል። ጠዋት የነቃችው ሴት ትከፍተዋለች። በሌላ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የቤት ኪራይ ከፍያለሁ። ትንሿ ማታ ፈርታ ነበር፤ መብራቱን አታጥፉባት።» ትናንት የማታስታውሰው ጊዜ በምን እንዳለፈ አወቀች። ማታ መብራቱን ሳታጠፋ ተኛች።

እኔ ከዚህኛው መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። እነዚህ ማንነቶች ያቺን ጥቃት የደረሰባትን ልጅ በሕይወት ያቆዩ ናቸው። ገና ከመነሻው «ትጠፋላችሁ» ቢባሉ ይደነግጣሉ፣ ይደበቃሉ። ተማምነው ከቆዩ በኋላ ደግሞ መዋሃዱ በራሱ ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

በሁለቱም መንገድ ግን ደኅንነት ይቀድማል። የድሮውን ቁስል ከቴራፒስት ጋር ከመንካት በፊት ራስን ወደ አሁን መመለስ መልመድ ያስፈልጋል። እግርን ወለሉ ላይ ጫን ማድረግ፣ እጅን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ የዛሬን ቀን ጮክ ብሎ መናገር።