አሚን፣ ውኃ ወይስ ኖራ? የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወገጃ ለምትገዙ

አምስት ኪሎ አካባቢ በሰጋቱራና በቡና ገለፈት ጋዝ ሰው ሠራሽ ነዳጅ ለመሥራት የሚሞክሩ ወዳጆቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ከጋዙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በርካሽ የሚያወጣልን የቱ ነው? እኔም ሳልሰለች አሚን፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ሲሞቅ የሚለቅ የኬሚካል ፈሳሽ፣ ይሻላል እላለሁ። ዋጋውን ሰምተው ፊታቸውን ሲያዞሩ ሒሳቡን አወጣላቸዋለሁ።

ጋዙን በውኃ የሚያጥብ መሣሪያ ሲገዙት ርካሽ፣ ሲያሠሩት ጉድ ነው። ለባዮጋዝ ይሁን፤ ከ30 እስከ 50 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነውና። በአየር ከሚሠራ የእንጨት ጋዝ ማመንጫ የሚወጣው ጋዝ ግን 12 በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ፣ ግማሽ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ጋዙ ሳይታመቅ አንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጥቦ ለማውጣት ከ5,000 ሊትር በላይ ውኃ ይፈልጋል፤ ያውም ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ! እናምቀው ካላችሁ፣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ዙር የሚስበው ጋዝ ክብደት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይጎድላል። የካታሎጉን ቁጥር አትመኑ።

ኖራ ለአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1.7 ኪሎ ይበላል፤ ከዚያ መጣል ነው። ለአንድ ቀን ማሳያ እንጂ ለሥራ አይሆንም።

አሚን በ40 ዲግሪ ገደማ ይይዛል፣ በ120 ገደማ ይለቃል፤ ያው ፈሳሽ ተመልሶ ይሠራል። በደንብ በተሠራ መሣሪያ ለኪሎ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይወስዳል። ሙቀት ለሚያባክን ትንሽ መሣሪያ እኔ እጥፉን እይዛለሁ። ከኤሌክትሪክ ታሪፋችሁ ጋር አባዙትና ከኖራው ዋጋ ጋር አስተያዩት።

ገንዘባችሁን የሚበላው ግን አስመስሎ የተሠራ ሩቢኔት ነው። አንድ ወዳጄ መርካቶ ስቴንለስ ተብሎ የተሸጠለትን ገጠመ፤ ማግኔት አልያዘውምና አመነ። ነሐስንም እኮ ማግኔት አይዘውም! ብዙም ሳይቆይ አሚኑ ሰማያዊ ሆነ። ሩቢኔቱን በሞረድ ፋቅ ሳደርገው ከክሮሙ ሥር ቢጫው ብቅ አለ። መዳብ ያለበት ሁሉ ለአሚን ምግብ ነው፤ ሩቢኔቱም ፈሳሹም ተጣሉ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሞረድ ያዙ፤ ሻጩ አይፋቅም ካለ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ጋዙ አሚኑ ጋ ሳይደርስ ሬንጁንና ሰልፈሩን ቀድሞ የሚያስቀር ማጣሪያ ከዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፤ ለብቻው ሲገዛ ያማል። ሜታኖል የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ «99 በመቶ አጸዳለሁ» ለሚል መሣሪያ ጭማሪ አትክፈሉ። የሜታኖሉ ካታሊስት (ጋዙ ወደ ሜታኖል እንዲለወጥ የሚያፋጥነው ነገር) ጥቂት በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲቀርለት ይፈልጋል።